ከአምቡላንስ እስከ አውሮፕላኑ በር፦ የሚሽከረከር ፕሮፔለር በጤና ባለሙያዎችና በአስታማሚዎች ላይ የሚያደርሰው አደጋ

ከጎባ ወደ አዲስ አበባ በሪፈር የሚላክ ሕመምተኛ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠበቅበታል። ስለዚህም ጊዜ የማይሰጥ ጉዳት ሲያጋጥምና አጋጣሚው ሲገኝ በሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል በአየር መላኩ ይመረጣል። በበረራ ወቅት ስለሚያስፈልገው ኦክስጅንና ስለ ፈሳሽ አሰጣጥ ባለሙያው ሁሉ ያስባል። ሕመምተኛው ከአምቡላንስ ወርዶ አውሮፕላኑ በር እስኪደርስ ያሉት ጥቂት ሜትሮች ግን እምብዛም አይታሰቡም። ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ወደሚሽከረከር ፕሮፔለር ሊገቡ የሚችሉት በእነዚህ ሜትሮች ውስጥ ነው።

አደጋውን የሚያከብደው ፕሮፔለሩ በሚዞርበት ጊዜ የማይታይ መሆኑ ነው። በአገራችን ለኪራይ በረራ ከሚያገለግሉት አንዱ የሆነው ሴስና ካራቫን ሦስት ምላጮች ያሉት፣ ከዳር እስከ ዳር 2.7 ሜትር ገደማ የሚሆን ፕሮፔለር አለው። በከፍተኛ ፍጥነቱ በደቂቃ 1,900 ጊዜ ስለሚዞር በአንድ ነጥብ ላይ በየሰከንዱ 95 ምላጭ ያልፋል ማለት ነው። የሰው ዓይን በተለመደው ሁኔታ በሰከንድ ከ60 ገደማ በላይ የሚደጋገምን ብልጭታ ነጣጥሎ ማየት አይችልም። በመሆኑም ተመልካቹ የሚያየው ስስ ጭጋግ የመሰለ ነገር ነው፤ አንዳንዴም ምንም አያይም። የምላጩ ጫፍ በዚያን ጊዜ በሰዓት ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መሬት ላይ ቆሞ ሲዞር ፍጥነቱ ቢቀንስም አጥንት ለመቁረጥ ከበቂ በላይ ነው።

ተራራማው አገር በዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። በሮቤ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ደመናና ነፋስ ከቀትር በኋላ ስለሚበረቱ አብራሪው በጠዋት ወጥቶ መሄድን ይመርጣል። የባትሪ አጋዥ መሣሪያ በሌለበት ማረፊያ ሞተሩን ካጠፋው ዳግመኛ እንዳይነሣ መሥጋቱም አይቀርም። «ሞተሩ እንደበራ ጫኑልኝ» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። የአብራሪው ሥጋት ምክንያት ያለው ቢሆንም፣ ቃሬዛና አስታማሚ ባለበት ቦታ ግን ጥያቄውን መቀበል ተገቢ አይደለም። ሞተሩ እስኪጠፋና ፕሮፔለሩ እስኪቆም ድረስ ቃሬዛው ከአምቡላንስ አይወርድም ብሎ በትሕትና ግን በጽናት መናገር የሕመምተኛው ኃላፊ የሆነው ባለሙያ ድርሻ ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ምክር አዘል ሰነድ አደጋውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ሊዘነጉት እንደሚችሉ አስገንዝቧል። ጤና ባለሙያው ደግሞ ለመዘንጋት ከማንም የቀረበ ነው። ዓይኑ በሕመምተኛው ፊት ላይ፣ እጁ በግሉኮሱ ላይ ነው፤ የኋሊት እየተራመደ ቃሬዛ የሚስብም አለ። በሞተሩ ጩኸት ምክንያት የ«ቁም!» ድምፅ አይሰማውም። አስታማሚዎች በበኩላቸው አውሮፕላን በቅርብ አይተው ላያውቁ ይችላሉ። ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ባርኔጣ በነፋስ ሲወሰድባቸው ተከትለው ይሮጣሉ፤ የሪፈር ወረቀቱ ሲበር ደግሞ ባለሙያው ራሱ ይሮጣል። ስለዚህ ልብሱ ቀድሞ መታሰር፣ ወረቀቱም በፕላስቲክ ተደርጎ ከቃሬዛው ጋር መያያዝ አለበት። ቤተሰቡ ስንብቱን አምቡላንሱ ዘንድ ጨርሶ፣ ከአንድ አስታማሚ በቀር ሌላው እዚያው ቢቀር ይመረጣል። ልጆችን እጃቸውን ይዞ የሚጠብቅ ሰው በስም መመደብ ይገባል፤ «ተጠንቀቁ» ብሎ ለሁሉም መናገር ለማንም እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ወደ አውሮፕላኑ ከመጠጋት በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል፤ በሩ የትኛው ነው? ፕሮፔለሩስ የት ነው? በካራቫን ፕሮፔለሩ አፍንጫው ላይ፣ የጭነቱና የተሳፋሪው በር ግን ከክንፉ በስተኋላ ስለሆነ መቅረብ ያለበት ከጎን በኩል ወደ ኋለኛው ክፍል ነው፤ ክንፉን ከደገፈው ብረት አልፎ ወደ ፊት መሄድ የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮቤ ለሚያደርገው በረራ ሲጠቀምበት የቆየው ዳሽ 8 ኪው400 ግን የፊተኛው የተሳፋሪ በር ከፕሮፔለሩ በስተፊት ነው። በካራቫን የለመደ ሰው እዚህ ከኋላ ዞሮ ወደ ፊተኛው በር ልምጣ ቢል በፕሮፔለሩ አጠገብ ያልፋል። በአውሮፕላኑ አካል ላይ የሚበራው ቀይ ብልጭልጭ መብራት ሞተሩ እንደሚሠራ ወይም ሊነሣ እንደሆነ ያመለክታል፤ መብራቱ ሳይጠፋ አለመጠጋት ነው። ከጠፋም በኋላ ምላጮቹን አንድ በአንድ መቁጠር እስኪቻል መጠበቅ ያስፈልጋል።

የቆመ ፕሮፔለርም አይነካም። በቤንዚን በሚሠሩ አነስተኛ አውሮፕላኖች ማግኔቶው በአግባቡ ካልተዘጋ በእጅ ትንሽ መግፋት ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላል። እንደ ካራቫን ባሉት ደግሞ ፕሮፔለሩ ካልታሰረ ነፋስ ብቻውን ያዞረዋል።

ሄሊኮፕተር ሲመጣ ደንቡ ይገለበጣል። የጅራቱ ፕሮፔለር በሰው ቁመት ልክ ሊሆን ስለሚችል ከኋላ ፈጽሞ አይቀረብም፤ አብራሪው በሚያይበት ከፊትና ከጎን፣ ምልክት ከሰጠ በኋላ፣ ጎንበስ ተብሎ ነው። ተዳፋት ላይ ካረፈ ከላይ ከዳገቱ በኩል የሚመጣ ሰው ጭንቅላቱን ለዋናው ምላጭ ያቀርባል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከቁልቁለቱ ጎን ይቀረባል። በባሌ ተራሮች ሜዳ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ይህ ጉዳይ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። የግሉኮስ መስቀያ ዘንግም ዝቅ ተደርጎ ይያዛል።

አደጋው ከደረሰ የመጀመሪያው ተግባር ሞተሩ መጥፋቱን ማረጋገጥ ነው፤ ለመርዳት የሮጠ ሰው ሁለተኛ ተጎጂ ሊሆን ይችላልና። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈስ ብርቱ ደም ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በቱርኒኬት ይታሰራል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ካለ ጉዳቱ በደረሰ 3 ሰዓት ውስጥ 1 ግራም በደም ሥር በ10 ደቂቃ ይሰጣል፤ ጥቅሙ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ክራሽ-2 ጥናት ታይቷል። የአንቲባዮቲክና የቴታነስ መከላከያም አይዘገይም። የተቆረጠው አካል በኖርማል ሳላይን በረጠበ ጎዝ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፤ ከረጢቱ በበረዶ ላይ ይቀመጣል እንጂ አካሉ በረዶውን በቀጥታ አይነካም። ጡንቻ ያለበት አካል ሳይቀዘቅዝ ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየ መልሶ የመትከል ተስፋው ስለሚመነምን፣ ቱርኒኬቱ የታሰረበት ሰዓትና አካሉ የተቆረጠበት ሰዓት ለየብቻ ይመዘገባሉ። የሚጻፉትም በራሱ በማሰሪያውና በከረጢቱ ላይ ነው፤ ልቅ ወረቀት በዚያ ሜዳ ላይ አይቆይም።