ስለ ጤና ጽፎ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል?

በቅርቡ እዚህ ሐራ ከፀረ-ኤድስ ክበብ አባላት ጋር ስንወያይ ውለን ስንበተን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀረት አለችና ደብተሯን አሳየችኝ። ግጥም አለው፣ አጭር ድራማ አለው፣ ስለ ወር አበባ ንጽሕና የጻፈችውም አለ። «እትዬ፣ ይሄን ጽፎ ብር ማግኘት ይቻላል እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ ግን...» ብዬ ጀመርኩ። ያንን «ግን» ለእናንተም ላብራራው።

ለመሆኑ ማን ይከፍላል?

ስለ ጤና የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በሐኪም የተጻፈ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ ስለነበረው «የቀን ቅኝት» ስለተሰኘው ተከታታይ ድራማ እስቲ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው ይህ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በታሪክ እያዋዛ ያስተምር ነበር። 257 ክፍል ያለ ጸሐፊ አይወጣም። ስለዚህ መጻፍ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ዋጋ አለው።

ዛሬም የሚንኳኩ በሮች አሉ፦

1. ጋዜጣና መጽሔት። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን አለ፤ በ1987 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተጀመረው የክልላችን ጋዜጣ በኩርም አለ። ሁሉም ዝግጅት ክፍል ግን ለውጭ ጸሐፊ አይከፍልም። ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

2. ሬዲዮ። ጭውውትና አጭር ድራማ ይፈልጋል። የምትጽፉት ለጆሮ ስለሆነ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አፋችሁ ላይ ከከበደ አድማጭም ላይ ይከብዳል።

3. በጤና ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች። በራሪ ወረቀት፣ ፖስተርና የሥልጠና ጽሑፍ ያሠራሉ። ሥራውን የሚዘረዝረው ወረቀት «ቢጋር» ይባላል። ምን እንደሚፈለግ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ እዚያ ላይ ታገኛላችሁ።

4. ትርጉም። ሐራ ገበያ ስትወጡ አማርኛ ብቻ አይደለም የምትሰሙት፤ አፋርኛም አለ። ሁለት ቋንቋ አሳምሮ የሚጽፍ ወጣት እንደ ዋዛ የሚገኝ ሰው አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በማቆሙ በአገራችን በርካታ የጤና ፕሮጀክቶች ተዘግተዋል፤ ከእነሱ ጋር አብሮ የሚመጣው የጽሑፍ ሥራም ቀንሷል። ስለዚህ ትምህርታችሁን ትታችሁ በዚህ እንድትተዳደሩ አልመክርም። ከትምህርት ጎን ለጎን ግን ይሞከራል።

የእኔ ስህተት

የሶሲዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ ለአንድ መጽሔት ጽፌ 400 ብር ተከፈለኝ። በብዕሬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ገንዘብ ስለነበር ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ጽሑፉ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ስላለ አንዲት እናት ነበር። ስሟን ቀይሬያለሁ። ነገር ግን ምን እንደምትሸጥ፣ የት ሰፈር እንደምትኖር፣ ስንት ልጆች እንዳሏት አንድ ሳይቀር አስፍሬ ነበር። መጽሔቱ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ጎረቤት አወቃት። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። ይቅርታ ልጠይቃት ስሄድ አልተቆጣችም። «ቤቴን ከተናገርሽ በኋላ ስሜን ብትደብቂው ምን ይጠቅመኛል?» ነው ያለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

«ቤተኛ» በተሰኘው የሬዲዮ ዝግጅት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ታሪካቸውን ራሳቸው፣ በገዛ ድምፃቸው ይናገሩ ነበር። ልዩነቱ ይታያችኋል? እነሱ ሊናገሩ የፈለጉትን ተናገሩ። እኔ ግን የሰው ምሥጢር አውጥቼ 400 ብር ተቀበልኩ።

ስለዚህ ይህን ያዙ፦ የሰው ታሪክ ስትጽፉ ፈቃድ ጠይቁ። ከስሙ ጋር ሰፈሩን፣ ሥራውንና የቤተሰቡን ሁኔታም ቀይሩ። ከመላካችሁ በፊት ለባለ ታሪኩ አንብቡለት። «ይቅር» ካለ ይቅር። ማንም ብር ቢጨምርላችሁ እንኳ!

ያልተጣራ ነገር አትጻፉ

የጤና ጽሑፍ ስህተቱ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ምሳሌ ልስጣችሁ። በአገራችን የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የወጡ ፖስተሮች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት ሞትን ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ በጥናት ተረጋግጧል። የድሮውን ፖስተር የገለበጠ ጸሐፊ አንባቢው ምርመራ እንዲፈራ ያደርጋል። ስለዚህ የጻፋችሁትን ለነርስ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሳታሳዩ አትላኩ።

ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ

መጀመሪያ ሦስት አጫጭር የናሙና ጽሑፎች አዘጋጁ። ሥራ ስታገኙ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት ገጽ? መቼ ይድረስ? ስንት ብር? የሚከፈለው ሲረከቡ ነው ወይስ ሲታተም? ስሜ ይወጣል? መልሱን በጽሑፍ ያዙ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ መብቱ የአሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ጽሑፉን በኋላ በራሳችሁ መጽሐፍ ላይ ማውጣት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስጽፉ። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳያውቅ አትፈርሙ። «ሥራ እሰጥሃለሁ፣ መጀመሪያ መመዝገቢያ ክፈል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ እግሬ አውጪኝ በሉ!

ያቺ ተማሪስ? ስለ ወር አበባ ንጽሕና የጻፈችውን አንድ ገጽ አድርጋ አሳጠረችው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አንብባ አንድ ስህተት አገኘችበት፤ ልጅቷም አርማ ላከችው። እስካሁን መልስ አልመጣላትም። እሷ ግን ሁለተኛውን ጀምራለች።

እናንተስ መቼ ልትጀምሩ ነው? መልካም ጽሑፍ!