ስለ ብረታ ብረት ገጽ በሚጽፉ ጊዜ፤ «ስብረት»፣ «ሽግሽግ»፣ «አምባ»

የብረታ ብረት ገጽ አቶሞች እንዴት እንደተደረደሩ በኤሌክትሮን አማካይነት የሚታወቅበት ዘዴ በአማርኛ ሲጻፍ ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። «ዲፍራክሽን»ን «ስብረት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ይሁን እንጂ «ስብረት» ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲያልፍ አቅጣጫውን ለመለወጡ የጸና ስያሜ ነው። እዚህ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሮኖች በሥርዓት ከተደረደሩ አቶሞች ተበትነው ሲመለሱ ሞገዶቻቸው በአንዳንዱ አቅጣጫ ይደጋገፋሉ፤ በሌላው ይጠፋፋሉ። ዴቪሰንና ጀርመር ይህን በኒኬል ላይ እ.ኤ.አ. በ1927 ሲያሳዩ የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት 54 ኤሌክትሮን ቮልት፣ የሞገድ ርዝመታቸውም 0.167 ናኖ ሜትር ያህል ነበር። እኛ የተሻለ እስኪገኝ «ዲፍራክሽን»ን በፊደላችን ጽፎ ማቆየቱን እንመርጣለን።

በዛሬው መሣሪያ ላይ የሚታዩት ብሩህ ነጥቦች «የአቶሞች ፎቶግራፍ» ሊባሉ አይገባም። ነጥቦቹ የሚነግሩን የድርድሩን ተደጋጋሚ ቅርጽና መጠን ብቻ ነው። እያንዳንዱ አቶም የት እንደተቀመጠ ለማወቅ የኤሌክትሮኖቹን ጉልበት እየለዋወጡ የነጥቦቹን ድምቀት መለካትና ከስሌት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ሪላክሴሽን» ነው። «መዝናናት» የሚለውን እንተወው፤ «መላላት» ግን ትክክል መስሎ ያሳስታል። በአንዱ የአሉሚኒየም ገጽ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የአቶም ንብር መካከል ያለው ርቀት ከውስጠኛው 8 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ገጹ ጠበቀ እንጂ አልላላም። «ሽግሽግ» ብንለው አቅጣጫውን ሳይወስን መጠነኛ የቦታ ለውጥን ያመለክታል። ቃሉ የመሬት ሽግሽግን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ቢሆንም ፍቺውን አያፈርሰውም። በአንዱ የወርቅ ገጽ ላይ እንደሚታየው በየሁለቱ ረድፍ አንዱ ሲጎድል ግን ሽግሽግ አይበቃም፤ ይህ «ዳግም አደራደር» ነው።

ለገጹ መልክ የሚሆኑ ቃላት ሩቅ አይደሉም። ከመካነ ሰላም አንሥቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ «እርከን» ምን እንደሆነ ለገበሬ ማስረዳት አያሻም፤ ሜዳው፣ ከዚያም ዝቅታው፣ እንደገናም ሜዳው ነው። በትንሹ ዘመም ተደርጎ የተቆረጠ ብረታ ብረትም እንዲሁ ነው፤ የዝቅታው ከፍታ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ የአቶም ንብር ብቻ ነው። እርከኖቹ ወርዳቸው እኩል ሲሆን አንዱ ብሩህ ነጥብ ለሁለት ይከፈላል፤ እርከኑ በጠበበ መጠን ክፍፍሉ ይሰፋል።

በገጹ ላይ አንድ ንብር ከፍ ብሎ ለብቻው የሚቀመጠውን የአቶሞች ስብስብ ግን እንግሊዝኛውን ተከትሎ «ደሴት» ማለት በሌለበት ውሃ መፈለግ ይሆናል። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነውን መቅደላን የሚያውቅ አንባቢ «አምባ» ቢባልለት ወዲያው ይረዳል። ስለዚህ «የአቶም አምባ» እንዲባል እናቀርባለን።