ሰንቀሌ ላይ መኪና ከመንገድ መውጣት የሌለበት ለምንድን ነው?

ከሆመቾ ተነስቶ በሆሳዕና አድርጎ ወደ ሀላባ ቁሊቶ የወረደ፣ ከዚያም የሻሸመኔን አስፋልት የያዘ መንገደኛ አጄ ሲደርስ ለሰንቀሌ የቆርኬዎች መጠለያ ቅርብ ነው። ለሀዲያና ለከምባታ ከተሞች ነዋሪ የዱር እንስሳ መንጋ በሜዳ ላይ የሚታይበት እንዲህ ያለ ቅርብ ቦታ ብዙ የለም። በበዓል ሰሞን ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው፣ መኪና ተከራይተው ቢሄዱ ደስ ይለኛል። እዚያ ከደረሱ በኋላ ምን ይፈቀድላቸው የሚለው ግን በደንብ ሊታሰብበት ይገባል።

መጠለያው በ1960ዎቹ ሲከለል 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ከ60 በታች ነው፤ ዙሪያውን ማሳ፣ ግጦሽና መንደር ከቦታል። በአራት ማዕዘን ብናስበው አንዱ ጎኑ ስምንት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወደ 15 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የታንዛኒያው ሰሬንጌቲ መኪና ያስበረገገው መንጋ ሌላ ሜዳ ያገኛል። ሰንቀሌ ላይ የበረገገ ቆርኬ ግን ጥቂት እንደሮጠ ሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። እዚያ ውሻና ዱላ አለ፤ ሰብሉ የተረገጠበት ገበሬም አይፈረድበትም።

ቆርኬ ጠላቱን አስቀድሞ የሚለየው በዓይኑ ነው። ስለዚህ ገላጣ ሜዳ ይወዳል፤ አንዱ ኩይሳ ላይ ወጥቶ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲቃኝ ሌሎቹ ይግጣሉ። እናቲቱ ግን ግልገሏን እንደወለደች ወዲያው አታስከትልም። ረጅም ሣር ውስጥ አስተኝታው ትሄድና ልታጠባው ትመለሳለች። ግልገሉም አደጋ ሲመጣ መሬት ላይ ተለጥፎ ዝም ይላል እንጂ አይሮጥም። ጅብን የሚያታልለው ይህ ዘዴ ከመንገድ ወጥቶ ሣሩን እየደፈጠጠ ከሚነዳ መኪና አያድነውም። ፎቶ ለማንሳት በእግሩ የሚጠጋ ሰውም ማንንም ሳይነካ እናቲቱን ሊያርቅ፣ ግልገሉም ሳይጠባ ሊውል ይችላል።

እዚህ ያለው ዝርያ «የስዌይን ቆርኬ» የሚለውን ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሶማሌ ሜዳዎች ካደነው እንግሊዛዊ መኮንን ከስዌይን ነው። ያኔ መንጋው እጅግ ብዙ ነበር። የደስታ በሽታና ጠመንጃ ተባብረው ፈጁት፤ ዛሬ ሶማሊያ ውስጥ የለም፤ በዓለም ላይ የቀረው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በዋናነትም እዚህና በማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

በአገራችን በመዝናኛ ላይ ጠበቅ ያለ ገደብ የተጣለው በአደን ነው። ጎሽና አንበሳ ገድሎ የሚፎከርበት ዘመን አልፎ፣ ዛሬ የስፖርት አደን በፈቃድ፣ በኮታ፣ በክፍያና ለዚሁ በተከለለ ቦታ ብቻ የሚካሄድ ሆኗል። ጥይት ስለሚጮህ፣ ሬሳም ስለሚታይ ገደቡ ለሁሉም ይገባል። ድሮን፣ ከመኪና የሚለቀቅ ሙዚቃ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ አብሮ የመጣ ውሻ የሚያደርሱት ጉዳት ግን በዕለቱ አይታይም፤ አድራጊውም ምንም እንዳላጠፋ አምኖ ይመለሳል።

አሜሪካውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ባሻሻሉት ሕግ መሠረት አንድ መዝናኛ በዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ የሚፈቀደው መጠለያው ከተቋቋመበት ዓላማ ጋር መስማማቱ ሲረጋገጥ ነው። አደንን በብዙዎቹ መጠለያዎቻቸው መፍቀዳቸው ለሰንቀሌ አይሆንም። የአካሄዱ ቅደም ተከተል ግን ይሆናል፦ ቦታው መጀመሪያ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ተመርምሮ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በመጠለያው ዳር የሚኖረው ሰው ነው። ለእሱ ያ ሣር ወተት ነው፣ የእርሻ በሬ ነው፣ የቤት ክዳን ነው። ከብት ይዞ እንዳይገባ ይከለከላል። ከከተማ የመጣ ባለመኪና እዚያው ሣር ላይ እየተንጎራደደ ፎቶ ሲነሳ ካየ፣ ክልከላው ለቆርኬው ተብሎ መሆኑን እንዴት ይመን? ሊራብ የሚችለው ሰው ተከልክሎ ለመዝናናት የመጣው ከተፈቀደለት ደንቡን በልቡ የሚቀበል ጎረቤት አይገኝም። ስለዚህ ገደቡ ከጎብኚው ይጀምር፦ መኪና ከተሠራው መንገድ አይውጣ፤ በእግር የሚሄድ ያለ አጃቢ አይግባ፤ ግልገል በሚወለድበት ወቅት ረጅም ሣር ያለበት ክፍል ጭራሽ ይዘጋ። አጃቢዎቹም ከዙሪያው ቀበሌዎች ይመረጡ፣ የአጃቢነቱም ክፍያ ለእነሱ ይሁን።