የማጥቃት አሠልጣኝ በምን ይመዘናል?

በአሜሪካ እግር ኳስ አብዛኛው ቡድን ከዋናው አሠልጣኝ ሥር የማጥቃቱን ስልት የሚነድፍ ረዳት አለው። የዚህን ሰው ችሎታ ብዙዎች ቡድኑ ባስቆጠረው ነጥብ ብቻ ይመዝኑታል። ይሁን እንጂ ነጥብ የአንድ ሰው የሥራ ውጤት አይደለም።

ለምሳሌ ካይል ሻናሃን የአትላንታ ፋልከንስ የማጥቃት አሠልጣኝ ሳለ፣ ቡድኑ በ2015 እ.ኤ.አ. በ16 ግጥሚያዎች 339 ነጥብ አስቆጠረ፤ በ2016 ግን በ540 ነጥብ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ በለጠ። አሠልጣኙም ሆነ ኳስ ወርዋሪው ማት ራያን አልተለወጡም፤ ነገር ግን ወርዋሪውን ከባላጋራ የሚጠብቀው አሌክስ ማክ በ2016 ቡድኑን ተቀላቅሎ ነበር። ስለዚህ ምስጋናው የተጫዋቾቹ ነው ያሰኛል። በ2017 ደግሞ ሻናሃን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሄድ ራያንና ማክ በቦታቸው ቀሩ፤ ነጥቡ ግን ወደ 353 ወረደ። ይህ ደግሞ ለአሠልጣኙ ይመሰክራል።

እንግዲህ ከሁለቱ ማስረጃዎች አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ፍርዱ ይዛባል። የአሠልጣኝ ሹመትና ሽረት በእንዲህ ያለ ፍርድ ስለሚወሰን፣ ተጫዋቾች ሲለወጡም ሆነ አሠልጣኙ ሲለወጥ የታየውን ለውጥ በበርካታ ዓመታት ማነጻጸር ይገባል።