የደን ጦጣዎች ምን ይበላሉ?

«ጦጣ ምን ይበላል?» ተብሎ በክፍል ውስጥ ቢጠየቅ አብዛኛው ተማሪ «ሙዝ» ብሎ እንደሚመልስ አይጠረጠርም። ነገር ግን በአገራችን ደኖች የሚኖሩት የጦጣ ወገኖች ሁሉ ምግባቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የምግባቸው መለያየትም ከአካላቸው አሠራርና ከሚኖሩበት ደን ጋር የተያያዘ ነው።

በመጀመሪያ ጉሬዛን እንመልከት። ጉሬዛ በዋነኛነት ቅጠል በል ነው። ቅጠል በደን ውስጥ ሞልቷል፤ ይሁን እንጂ አሰር ስለሚበዛበት በቀላሉ አይፈጭም። ስለዚህ የጉሬዛ ጨጓራ እንደ ላም ጨጓራ የተከፋፈለ ነው፤ በውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ቅጠሉን ያብላሉለታል። እንደ ላም ግን አያመሰኳም። ይህ ሥራ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ጉሬዛ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል። ይህም ስንፍና አይደለም፤ ሆዱ ሥራ ላይ ነው። ከቅጠልም ለጋውን ይመርጣል፤ ለጋ ቅጠል ፕሮቲኑ የበዛ፣ አሰሩም ያነሰ ነውና።

በምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚኖረው የቡቱርሊኒ ጦጣ ደግሞ ፍራፍሬ፣ ቅጠልና ነፍሳት ይመገባል። ፍሬውን በጉንጩ ከረጢት ሞልቶ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄድና ፍሬውን ሲጨርስ ዘሩን ይተፋል። እንዲህ ዓይነቶቹ ጦጣዎች ዘርን ከእናቱ ዛፍ አርቀው በመጣል ደኑን ይዘራሉ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የባሌ ጦጣ ነው። ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ለሳይንስ የተዋወቀ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የጉሬዛን ዓይነት ጨጓራ ባይኖረውም፣ በባሌው ኦዶቡሉ ደን በተደረገ ጥናት ከምግቡ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ቀርከሃ፣ ይልቁንም የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ሆኖ ተገኝቷል። ታዲያ ቀርከሃው ሲመነጠር ምን ይሆናል? ደኑ በተቆራረጠበት አካባቢ ጦጣው ቁጥቋጦና ሣር ወደ መብላት፣ አልፎም ወደ ገበሬው ማሳ ወደ መግባት ይሄዳል። ገበሬው «ሌባ» ብሎ የሚያባርረው እንስሳ ብዙውን ጊዜ ጓዳው የፈረሰበት ነው።

መምህራን ጉሬዛ ወይም ጦጣ በአቅራቢያቸው ካለ ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ሰዓት ያህል ከርቀት ያስመልክቱ። ተማሪዎቹ በየአምስት ደቂቃው እንስሳው ለጋ ቅጠል፣ የጠና ቅጠል ወይም ፍሬ መብላቱን፣ ወይም ማረፉን ይመዝግቡ። ዳቦም ሆነ ሙዝ ግን አይወርውሩለት፤ ምግቡን የሚያዘጋጅለት ደኑ ነው።