የደን ጥናትና የአርሶ አደሩ ድርሻ

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ



በቀበሌዎ ደን ውስጥ ሜትርና ቀለም ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አይተው ይሆናል። አንዳንዶቹ ደኑ ምን ያህል ካርቦን እንደያዘና ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠኑ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ድርሻ ምን እንደሆነ ያስረዳል።

1. ደንና የአየር ንብረት

ዛፍ ሲያድግ ከአየር ካርቦን ይወስዳል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ዛፉ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ አብዛኛው ተመልሶ ወደ አየር ይወጣና ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ የደኑን ይዞታ ለማወቅ ዛፎቹን መለካት ያስፈልጋል።

2. ጥናቱ ያለ እርስዎ ለምን አይሞላም?

ሳተላይት የተመነጠረ ደን ያሳያል። ከዋንዛና ከቀረሮ ጥላ ሥር ለቡና ተብሎ የተጨፈጨፈውን ችግኝ ግን በቀላሉ አያይም። ይህን የሚያውቀው በየቀኑ ደኑን የሚያቋርጠው ሰው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ የአካባቢው ደን ጠባቂዎች ያዩትን ለውጥ በስማርት ስልክ እየመዘገቡ፣ መረጃቸው ከሳተላይት ምስል ጋር እንዲገናኝ ተደርጓል።

3. አለካክ

• ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ ይለኩ። ተዳፋት ከሆነ በላይኛው በኩል ይቁሙ።
• ዙሪያውን ለ3.14 ያካፍሉ። ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው።
• የዛፉን ስም በአካባቢው አጠራር ይጻፉ።
• በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ዛፍ በዚያው ከፍታ ይለኩ።
• የተቆረጠ ዛፍ ካለ ሳይደብቁ ይመዝግቡ። ያልተጻፈ ጉዳት መፍትሔ አያገኝም።

4. ከእኔ ስህተት ይማሩ

ከዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ አጥኚዎችን ይዤ ገባሁ። ሊቀ መንበሩን ብቻ አነጋግሬ ነበር። ዛፎቹ ላይ ቁጥር ተለጠፈ። በዓመቱ ስንመለስ አብዛኛው ቁጥር ተነቅሏል። አንድ አባት፣ «መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለን ነው፤ ማን ነገረን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የአንድ ዓመት ልኬት ጠፋ፤ እምነት ለመመለስ ደግሞ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ወሰደ።

5. ከመፍቀድዎ በፊት ይጠይቁ

• ጥናቱ ለምን ይደረጋል? ማን ያሠራዋል?
• መረጃው የት ይቀመጣል? ውጤቱ መቼና በምን ቋንቋ ይነገረናል?
• ለሚለኩ አርሶ አደሮች የቀን አበል አለ ወይ?
• የቡና ወይም የኮረሪማ ዘር፣ የመድኃኒት ቅጠል ወይም ባህላዊ ዕውቀት ይወሰዳል ወይ? የሚወሰድ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ለባህላዊ ዕውቀቱ የማኅበረሰቡ ፈቃድ አስቀድሞ ሊጠየቅ፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ ሊካፈል ይገባል።

ስብሰባው ላይ ሴቶችና ወጣቶች ይገኙ። ማገዶ የሚለቅሙት፣ ምንጩ መቼ እንደሚቀንስ የሚያውቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

6. ልኬቱ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የደን ይዞታ ያውቀዋል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራ በአርሶ አደር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከልሎ አገግሟል፤ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል። ገዢው የሚከፍለው ተለክቶ ለተረጋገጠ ካርቦን ነው። ልኬት የሌለው ማኅበር ደኑን ቢጠብቅም ማስረጃ አይኖረውም።

የተግባር ሥራ፦ እስከሚቀጥለው ሥልጠና ድረስ በማሳዎ ወይም በማኅበርዎ ደን ውስጥ አሥር ዛፎችን ለክተው በደብተር ይዘው ይምጡ። ከጎረቤትዎ አንዱን ይዘው ቢለኩ ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ ወሬውም በትክክል ይዳረሳል።