ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም

የጨሞጋ፣ የሙጋና የተምጫ ወንዞች የሚነሱት ከጮቄ ተራራ ነው። በዚሁ ተራራ አካባቢ፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ ዙሪያም ብዙ ቤተሰብ ምንጭ ወርዶ ይቀዳል። ይሁን እንጂ የጠራ ውሃ ማለት ድፍርስ የሌለበት፣ ንጹህ ውሃ ማለት ደግሞ በሽታ የማያመጣ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ሕፃናትን ለተቅማጥ ይዳርጋል።

ተረት፦ ውሃው ኩልል ካለ ይጠጣል።
እውነታ፦ ውሃን የሚያደፈርሰው አፈር ነው። የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያዎች፣ ጃርዲያም ጭምር፣ በዓይን አይታዩም። ብርጭቆ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ውሃም ሊይዛቸው ይችላል።

ተረት፦ ምንጭ ከመሬት ስለሚፈልቅ አይበከልም።
እውነታ፦ ከምንጩ በላይ ሰው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ወይም ከብት ከዋለ፣ የክረምት ጎርፍ እድፉን ጠርጎ ያመጣዋል። ጮቄ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ አለቱ በተሰነጣጠቀበት ቦታ ውሃ በአፈር ሳይጣራ ቶሎ ያልፋል። የሚታመነው የጎለበተ ምንጭ ነው፦ ዓይኑ በኮንክሪት የተከደነ፣ በቧንቧ የሚቀዳ፣ ዙሪያው የታጠረ፣ ከላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያለው፣ የከብት ማጠጫውም ከታች ለብቻው የተሠራ።

ተረት፦ የደጋ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጀርም አይኖርበትም።
እውነታ፦ ቅዝቃዜ ጀርምን አይገድልም። እንዲያውም ብዙዎቹ ከሙቅ ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

ተረት፦ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ማፍላቱ አይረባም።
እውነታ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ይህም ሙቀት ጀርም ለመግደል ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ የሚመከረው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው።

ተረት፦ ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን ማድረግ ብቻ ይበቃል።
እውነታ፦ ድፍርሱ ጀርሙን ከክሎሪን ይከልለዋል። በመጀመሪያ ውሃውን አዝቅጡት፤ በንጹህ ነጠላ ጨርቅም አጥልሉት። ከዚያ እንደ ውሃ አጋር ያለውን የክሎሪን መድኃኒት መያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

የታከመ ውሃም በቆሸሸ ጀሪካን ወይም እጅ በሚገባበት እንስራ ከተቀመጠ እንደገና ይበከላል። ስለዚህ ዕቃውን እጠቡ፣ ክደኑ፣ ጣሳውን መሬት ላይ አታስቀምጡ። የቀበሌያችሁ ምንጭ ካልጎለበተ ደግሞ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተመካከሩና እንዲጎለብት ጠይቁ።